ቁጥር የማይጠራበት ቤት

እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። ታናሽ እህቷ እትዬ ስለምትላት ደንበኞቿም እትዬ አሏት፤ ከዚያ ጎረቤቱ፣ ከዚያ የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የሚመጣው ጎልማሳ ሳይቀር። እኛም ከሰው ተለይተን የት እንደርሳለን፣ እትዬ እንበላት። ታናሽየዋ ሚጢ ናት። ሚጢ የተባለችው በአራስነቷ ነው፤ አድጋ፣ ደልባ፣ አውቶቡስ ላይ የሁለት ሰው ወንበር ይዛ መቀመጥ ስትጀምርም ስሙ አልለቀቃትም። የሚስቅ ይሳቅ። እናታቸው ስትሞት ሚጢ ገና ድክ ድክ ትል ነበር፣ እትዬ ደግሞ የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች፤ አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። በመሃላቸው አንድ ወንድም አለ፣ አግብቶ ከከተማው ማዶ የሚኖር። እነሱ ሁለቱ አላገቡም። ለምን እንዳላገቡ የሚያውቅ የለም፣ የሚያወራ ግን ሞልቷል።

የፊተኛው ክፍል ሥራ ቤታቸው ነው። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ ካውያ፣ ጥግ ላይ ደግሞ በመጋረጃ የተከለለ መለኪያ ቦታ። ወደዚያ መጋረጃ የሚገቡት ሴቶች አብዛኞቹ ወፍራሞች ናቸው፤ ወፍራም ስንል እዚህ ላይ ማለሳለስ አያስፈልግም፣ መጋረጃው ውስጥ ሆነው እነሱም ራሳቸውን እንደዚያ ነው የሚሉት። ከሩቅ ይመጣሉ። የሚመጡትም በዚያ ቤት ቁጥር ስለማይጠራ ነው። ሌላ ቦታ ልብስ ሰፊው ሜትሩን ወገብሽ ላይ ያዞርና ለረዳቱም፣ ተራ ለሚጠብቀውም፣ በደጅ ለሚያልፈውም እንዲሰማ አድርጎ "ወገብ መቶ ሃያ ስምንት! ዳሌ መቶ አርባ!" ይላል፤ ረዳቱም "መቶ ስንት?" ብሎ ያስደግመዋል። እትዬ በአስራ ስድስት ዓመቷ እንደዚህ ተጠርቶባታል። ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሰዎች ሳቁ። አንደኛው "ድንኳን ነው እንዴ የምታሰፋው?" አለ። ልብሱን ሳትወስደው ቀረች፤ ሙያውን ልማር ያለችው ግን ያኔ ነው።

ስለዚህ በእሷ ቤት ለመጋረጃና ለአልጋ ልብስ ካልሆነ በቀር ሜትር ከመሳቢያ አይወጣም። ለእያንዳንዷ ደንበኛ አንድ ነጭ ጥብጣብ አላት፤ ደረቷ የሚደርስበት ላይ ቀይ ክር፣ ወገቧ ላይ ሰማያዊ፣ ዳሌዋ ላይ ቢጫ ትሰፋበታለች። ሴትየዋ ስትወፍር ወይም ስትከሳ ክሩ ይፈታና ትንሽ ወዲያ ወይም ትንሽ ወዲህ ይሰፋል፣ አለቀ። ስንት ነሽ የሚል የለም፣ ስንት ሆንኩ የሚል የለም። አዲስ ጨርቅ ሲመጣ ደግሞ እትዬ በራሷ ገላ ላይ ጣል ታደርገውና ደንበኛዋ ፊት ትዞራለች። "እኔ ላይ ካማረ አንቺ ላይ አያምርም?" ትላለች። ሴትየዋም ያምራል ትላለች፣ ከልቧ።

የእትዬና የሚጢ ጥብጣብ አንድ ነበር። ሚጢ ሃያ ዓመት ከሞላት ጀምሮ ልካቸው አንድ ሆነ፤ ለአንዷ የተቆረጠው ለሌላዋ ይሆናል። እትዬ በራሷ ላይ ታያለች፣ ለሁለት ትቆርጣለች። ሚጢ በዕድሜዋ ማንም ለክቷት አያውቅም።

ነገሩ የመጣው ከጉልበት ነው። መጀመሪያ ጉልበት፣ ቀጥሎ ስኳር፣ ቀጥሎ እንቅልፍ። እትዬ ተኝታ ሳለች ትንፋሿ ይቆም ጀመር፤ ሚጢ ከጎኗ ሆና ስታዳምጥ ቆይታ በክርኗ ጎሸም ታደርጋታለች፣ እትዬም ከውሃ እንደወጣ ሰው አየር እየሳበች ትነቃለች። ሐኪሙ ሁለቱንም ባንድ ላይ አስቀምጦ ነገራቸው። ወጣት ነው፣ ነገር ማለዘብ ገና አልለመደም። "በዚህ ከቀጠላችሁ ሁለታችሁንም አላስተማምናችሁም" አለ፤ ከዚያ ጨጓራን ቆርጦ ስለሚያሳንሰው ቀዶ ጥገና ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳቸው። ሲወጡ ሚጢ ደረጃው ላይ ቆም ብላ "አብረን ከሆነ እሺ" አለች። እትዬም "አብረን ነው እንጂ! ታዲያ ለብቻዬ ምን ልሆን?" አለች። ያን ቀን የተመኘችው መኖርንና ከሚጢ ጋር መኖርን ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ እንደሚችሉ በሐሳቧም አልመጣላትም።

ቀኑ ደርሶ አንድ ክፍል ተሰጣቸው። የሆስፒታሉ ቀሚስ ከኋላ አልገጥም ሲላቸው "ይሄን የሰፋው ሰው ጨርቅ ሰርቋል" እየተባባሉ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እትዬ ቀድማ ገባች። ስትነቃ ሚጢ የራሷን ልብስ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች።

"አልገባሽም?"

"ሁለታችንም ከተኛን ማን ያስታምመናል?" አለች ሚጢ። "አንቺ ዳኚልኝና እኔ እቀጥላለሁ።"

እትዬ ዓይኗን ጨፈነች። እህቷ ፈርታ እንደወጣች አውቃለች። 

ሚጢ ስታስታምም ሌላ ሰው ናት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የወጥ ቤቱን ሰዓት አጠገቧ አስቀምጣ በየአምስት ደቂቃው አንድ ማንኪያ ሾርባ ሰጠቻት። "ዋጪ። ቆይ። አሁን ዋጪ።" ወደ ተፈጨ ድንች ሲሸጋገሩ እትዬ አንድ ቀን ረስታ እንደ ድሮዋ ሁለት ማንኪያ አከታተለች፤ ደረቷ መሃል ድንጋይ የተቀረቀረ መሰላት፣ ላብ አጠመቃት፣ ሁሉንም መለሰችው። ሚጢ ግንባሯን ይዛ "አይዞሽ፣ አይዞሽ እትዬ፣ ጥድፊያው የት ሊያደርስሽ ነው" ትል ነበር። እትዬ በዚያ መሃል ሆና እንኳ ሳቀች። ያ ወቅት፣ ሕመሙ ሁሉ እያለ፣ መልካም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አልነገራትም። ሐኪሙ ስለ ቁስሉ ነግሯታል፤ ስለ ቫይታሚኑ፣ ስለ ፀጉሯ መርገፍ፣ ውሃና ምግብ ባንድ ላይ እንዳታደርግ ነግሯታል። ከሥራ በኋላ ከሚጢ ጋር ጠረጴዛ ከበው፣ የቀኑን ደንበኛ እያሙ መብላት እንደሚቀርባት ግን አልነገራትም። ለሁለቱ ማዕድ ማለት ሆድ መሙላት ብቻ አልነበረም፤ የሚያለቅሱት እዚያ ነው፣ የሚታረቁት እዚያ ነው፣ የወንድማቸውን ሚስት የሚያሙት እዚያ ነው። አሁን እትዬ በአራት ማንኪያ ትጠግባለች። እጇን ሰብስባ ትቀመጣለች። ሚጢ ብቻዋን ማኘክ ይጨንቃታል፣ የራሷ ጥርስ ድምፅ ይሰማታል፣ "እኔም ጠገብኩ" ትልና ትነሳለች። ትንሽ ቆይቶ ከወጥ ቤት የድስት ክዳን ኳ ይላል። በሩን ገርበብ አድርጋ ቆማ እየበላች ነው። እትዬ ትሰማለች፣ እንዳልሰማች ትሆናለች፤ ሚጢም እንዳልተሰማች ሆና አፏን ጠርጋ ትመለሳለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት ይሄንን ነው።

ኪሎው ግን ወረደ። የመጀመሪያዎቹን ወራት እትዬ በየሳምንቱ ልብሷን አጠበበች፤ በኋላ ማጥበቡ ሰልችቷት አዲስ ሰፋች። ደረጃ ሳታርፍ ወጣች። አንድ ጠዋት ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ራሷ አሰረችና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፣ ደስ ብሏት ነው። ሌሊት ትንፋሿ መቆሙን ተወ። ሚጢም ከእንግዲህ የምታዳምጠው ስለሌላት "ሙቀት በዛብኝ" ብላ ሌላኛው ክፍል መተኛት ጀመረች። የተረፈው ቆዳ ሆዷና ክንዷ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እትዬ ገላዋን ስትታጠብ በሁለት ጣት ትይዘውና በባለሙያ ዓይን ታየዋለች፤ እዚህ ጋ አራት ጣት ቢገባ፣ እዚህ ጋ ስፌት ቢያዝ፣ ትላለች። በራሷ ትስቃለች፣ አንዳንድ ቀን ግን ሳቁ አይመጣም።

ሰፈሩ እልል አለ። "ወይ ጉድ! ሰው ሆንሽ እኮ!" አለቻት ባለ መድኃኒት ቤቷ፣ መንገድ ላይ ሁለት እጇን ጨብጣ። ሚጢ አጠገቧ ዘንቢል ይዛ ቆማለች። እትዬ "ድሮስ ምን ነበርኩ?" ልትል አፏ ድረስ መጥቶ ነበር፤ አላለችም፣ ሳቀች። ሚጢ ዘንቢሉን ወደ ሌላ እጇ አዛውራ መንገዱን ቀጠለች። እትዬ ያን ሳቋን በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሳ ራሷን ረግማለች።

የሚጢ ቀጠሮ በበኩሉ ይገፋ ጀመር። መጀመሪያ ዝናቡ ይለፍ ተባለ። ቀጥሎ ሥራው ይቅለል። ቀጥሎ የወንድማችን ልጅ ሠርግ ይለፍ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። እትዬ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ ዋዛ፣ "ለምን አትሄጂም?" አለቻት።

"ሁሉም ሰው እንዳንቺ አይደለም" አለች ሚጢ፣ መርፌ ላይ ክር እየሰካች።

"እኔ ምንድን ነኝ?"

"ደፋር ነሻ።"

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሥራዋን ቀጠለች። እትዬ ሐሳቧን መጨረስ ፈልጋ ነበር። እፈራልሻለሁ፣ ትንፋሽሽ ሲቆም ማን ይጎሽምሻል፣ ልትላት ፈልጋ ነበር። ግን ከዳነ ሰው አፍ ሲወጣ ምክር ሁሉ ጉራ ይመስላል፤ ዋጠችው።

አሁን የሚነገረውን እትዬ ለማንም አልተናገረችም። አንድ ቀን ክር ገዝታ ስትመለስ ከፊቷ አንዲት ሴት በመንገዱ ዳር ትሄዳለች፤ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች፣ ጥቂት ተራምዳ እየቆመች፣ ግድግዳ እየተደገፈች። እትዬ በሆዷ "ምነው ሰው ራሱን እንዲህ ሲጥል..." ብላ ሳትጨርስ ሴትየዋ ዞረች። ሚጢ ናት። ያሰበችውን ለመደበቅ ጊዜ አላገኘችም፤ ፊቷ ላይ እንዳለ ሚጢ አገኘችው። ዕድሜ ልኳን ያንን ፊት ስታይ የኖረች ሴት፣ ምን ይሰወራታል? "ደክሞኝ ነው" አለች ሚጢ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። እትዬ የሚጢን ዕቃ ተቀብላት ጎን ለጎን ሄዱ። ኃፍረቱ አንገበገባት። ያንን አስተያየት ሌላ ሰው አይቷት ቢሆን ኖሮ ሚጢ ቤት ገብታ ለእትዬ ትነግራት ነበር፤ አሁን ለማን ትንገር?

ደንበኞቹም እንደ ድሮው አልሆኑም። መጀመሪያ ጉድ ለማየት ጎረፉ፣ ከዚያ ሳሱ። አንድ ከሰዓት የድሮዋ ደንበኛ ባለ ዳቦ ቤቷ መጣች፤ ከእትዬ ጋር እጅና ጓንት የሆነች፣ ቀልደኛ ሴት። ወደ መጋረጃው ገባችና ልብሷን ሳታወልቅ ቆመች።

"በላዩ ላይ ለኪኝ" አለች።

"ምነው?"

"በረደኝ።" ቀኑን ሙሉ ምድጃ ፊት ውላ የመጣች ሴት ናት፣ ላቧ ገና አልደረቀም።

እትዬ ጥብጣቡን ይዛ ስትጠጋ ባለ ዳቦ ቤቷ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ ሆዷን ደበቀች። እዚያ መጋረጃ ውስጥ ሆዷን ደብቃ አታውቅም።

"ልቀቂው እንጂ እቴ፣ ልኩ እንዲመጣልኝ።"

"እትዬ፣ አትቀየሚኝ" አለች በመጨረሻ፣ ወለሉን እያየች። "ስላንቺ ደስ ብሎኛል፣ እግዜር ያውቃል። ግን አንቺ ፊት ማውለቅ አሳፈረኝ። ሚጢ ትለካኝ።"

ሚጢ ለካቻት። ከዚያ ወዲያ መጋረጃ ውስጥ የምትገባው ሚጢ ሆነች። እትዬ መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ውስጥ ሲሳሳቁ ትሰማለች፤ የድሮው ሳቅ ነው፣ አንድም ነገር አልጎደለውም። ገብታ አብራቸው መሳቅ ያምራታል። ሳቁ እንዳይቋረጥ ብላ እግሯን ከመርገጫው ላይ አታነሳም።

የወንድማቸው ሴት ልጅ ሠርግ ቀረበ። በቤተሰቡ ድግስ ሁሉ እትዬና ሚጢ ከአንድ ጣቃ ነው የሚለብሱት፤ ሰው ሁለቱን ከበር ሲገቡ ሲያይ "ጥንዶቹ መጡ" ይላል። እትዬ ወይን ጠጅ ጨርቅ ገዛችና በልማዷ ፈታ ፈታ አድርጋ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። ጨርቁ ሽው ብሎ ወርዶ እግሯ ላይ ተከመረ። ለራሷ መቁረጡ አይቸግርም። ለሚጢ ግን ከእንግዲህ በምን ትቁረጥ? የጋራ ጥብጣባቸው ላይ ያለው ክር ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሚጢ ደግሞ ከዚያ ወዲህ፣ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ፣ ጨምራለች።

"ነይ ልለካሽ" አለቻት።

"ነገ።"

"ሚጢዬ፣ አስር ቀን እኮ ነው የቀረው።"

"በዓይንሽ ገምቺዋ። ስትሰፊልኝ አልኖርሽም እንዴ?"

"በራሴ ነበር የምቆርጠው።"

"እሱንማ አውቃለሁ" አለች ሚጢ፣ ዞር ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ደክሞኛል፣ ደንበኛ አለብኝ። እትዬን ያስጨነቃት ልብሱ አለመድረሱ ብቻ አልነበረም። የተለያየ ልብስ ለብሰው በሠርጉ በር ከገቡ ነገራቸው ያበቃ መሰላት። አንድ ጨርቅ ከለበሱ ግን፣ አንዷ ቀጭን አንዷ ወፍራም ሆነውም ቢሆን፣ ሰው ጥንዶቹ መጡ ይላል፤ ሚጢም ትሰማለች፤ ምናልባት ከዚያ ወዲያ ወደ ማዕዱ ትመለሳለች። ይህን ሁሉ ተስፋ በአንድ ቀሚስ ላይ አንጠለጠለችው።

አምስት ቀን ሲቀር ሚጢ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። እትዬ በሩ ላይ ቆማ አየቻት። ጥብጣብ ብትፈልግ በሁሉም ላይ የሰው ክር አለበት፤ ከመሳቢያው የመጋረጃውን ሜትር አወጣች። ተንበረከከች። ሜትሩን በሚጢ ጎን ሥር ቀስ ብላ አሾለከችና በሆዷ ላይ አዙራ ጫፍና ጫፉን አገናኘች። በዚያ ሰሞን ነገር ይጠፋባት ነበር፣ እርሳስም አልያዘችም። እንዳትረሳው ብላ በለሆሳስ "መቶ አርባ ስድስት" አለች። ወደ ዳሌዋ ወረደች። "መቶ ስልሳ ሁለት።"

ቀና ስትል የሚጢ ዓይን ተከፍቷል።

መቼ እንደነቃች አይታወቅም። ጣሪያውን ነው የምታየው፤ እንባዋ በጎን በኩል ወደ ጆሮዋ ይወርዳል።

"ተኝቶ የሚለካ ሬሳ ነው" አለች።

"ሚጢዬ፣ እኔ እኮ..."

"በዚህ ቤት ቁጥር አይጠራም ያልሽው አንቺ ነሽ።"

"እንዳልረሳው ብዬ ነው፣ ለቀሚሱ ብዬ..."

"ለባለ ዳቦ ቤቷ አልጠራሽም። ለማንም አልጠራሽም። የኔ ሲሆን ጠራሽው።"

ካፍ ከወጣ አፋፍ። እትዬ ሜትሩን ልትስበው ብትሞክር ሚጢ ተኝታበታለችና አልወጣ አላት። ሚጢ ልትነሳ ታገለች፣ እትዬ ልትደግፋት እጇን ዘረጋች፣ ሚጢ "ተይኝ" ብላ ሶፋውን በሁለት እጇ ተጭና ብቻዋን ቀስ በቀስ ተነሳች። እትዬ እዚያው ተንበርክካ ቀረች። ብታለቅስ እንኳ መባበል የሚገባት እሷ ስላልሆነች እንባዋን ዋጠች።

በማግስቱ ሚጢ "ለድግሱ ላግዛቸው" ብላ ወደ ወንድማቸው ቤት ሄደች። ሁለት ቦርሳ ይዛለች። ለአራት ቀን ድግስ ሁለት ቦርሳ የሚይዝ የለም፤ እትዬ ቦርሳዎቹን አየች፣ በሩን ግን ራሷ ከፈተችላት። እህትማማቾቹ ሆድና ጀርባ ሆኑ ብሎ ለማውራት ሰፈሩ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። እትዬ ቀሚሱን ሰፋችው። ቁጥሩ እንደሆነ ከጆሮዋ አልወጣም። ስፌቱን ሁለት ሁለት ጊዜ መለሰችበት፣ ብብቱን አሰፋች፣ ጠርዙን በእጇ ዘመዘመች፤ በወንድሟ በኩል ላከችው።

የሠርጉ ዕለት እትዬ ወይን ጠጇን ለብሳ የአዳራሹ ግቢ በር ላይ ስትደርስ ዓይኗ ያንኑ ቀለም ፈለገ። ሚጢ ግቢው ውስጥ ከደረጃው በታች ቆማለች። አረንጓዴ ለብሳለች፣ ከሱቅ የተገዛ፣ እትዬ ከሩቅ አወቀችው። ብብቷ ሥር ይዟታል፣ ክንዷን ማንሳት አልቻለችም፤ ዚፑ ጀርባዋ ላይ አልደርስ ብሎ በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል፣ እሱንም ሻርፕ ጣል አድርጋ ሸፍናዋለች። ከጎኗ የሙሽራው አክስት አለች፣ ክፋት የሌላት፣ አፏን ግን የማትይዝ ሴት።

"ይቺ ሸንቃጣ ደግሞ ማን ናት?" አለች አክስትየዋ፣ እትዬ ስትቀርብ።

ሚጢ እትዬን አየቻት። "ልብስ ሰፊ ናት" አለች።

ውሸት አይደለም። 

"እሰይ! እንግዲያው ይሄን የሰፋሽላት አንቺ ነሻ?" አክስትየዋ የሚጢን ክንድ ገልጣ ብብቱን ጎተት አደረገችው። ሻርፑ ሸርተት አለ። "እዚህ ጋ ይዟታል እኮ፣ ምነው? ኧረ ዚፑም አልተዘጋ!" አጠገባቸው የቆሙት ሴቶች ዞር ዞር አሉ። ሚጢ አንገቷን ደፋች።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእትዬ እጅ አንድ የጠበበ ልብስ ወጥቶ አያውቅም። በከተማው ያላት ስም ያው ነው፣ ሌላ ሀብት የላትም።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አለች፣ ሴቶቹ ሁሉ እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አድርጋ። "ልክ ስቼ ነው። የእሷ ጥፋት አይደለም፣ የእኔ ነው።"

"ውይ፣ እንግዲህ ለሌላ ጊዜ ጠንቀቅ ነው" አለች አክስትየዋ፣ ደንገጥ ብላ፤ ሙሽሮቹ መጡ ሲባል ወደዚያው ሮጠች። ሴቶቹም ተከተሏት።

"ለምን ዋሸሻት?" አለች ሚጢ፣ ሻርፑን እየመለሰች።

"አልዋሸሁም።"

 ከውስጥ ሙዚቃው ተለቆ ወለሉን ይመታል።

"የላክሽውን ለብሼው አየሁት" አለች ሚጢ። "ልክክ ነው ያለው። አንድ ቦታ አልያዘኝም።"

"ታዲያ ምነው?"

"መስታወት ፊት ስቆም ቁጥሩን የለበስኩ መሰለኝ።"

"ወደ ቤት ነይ ሚጢዬ።" እትዬ የሚጢን እጅ ያዘች። "ባወጣው ይውጣ፣ ስደቢኝ፣ ግን ነይ። እኔ ትቼሽ አልሄድኩም።"

"ሄደሻል" አለች ሚጢ። ቁጣ የለባትም፣ የደከማት ድምፅ ነው። "በማንኪያ እያጎረስኩ የሸኘሁሽም እኔው ነኝ። እንድትኖሪልኝ ነው የፈለግኩት፣ ኖረሻል፣ ደስ ብሎኛል። እኔ ግን እትዬ፣ ካለሁበት ንቅንቅ አላልኩም። በየቀኑ ስትርቂ ቁጭ ብዬ ሳይሽ ነበር። መልሼ ቁጭ ብዬ ማየት አቃተኝ።"

"መልሼ ብወፍርልሽ ትመጫለሽ?"

የምሯን ይሁን ቀልዷን እትዬ ራሷም አላወቀችውም። ሚጢ ፈልጋ አይደለም፣ ሳቅ አመለጣት። "ኧረ አታስቂኝ፣ ይፈነዳል!" ብላ ጀርባዋን ያዘች። ለአንድ አፍታ የድሮዋ ሚጢ ነበረች። ከዚያ ሳቁ በአፏ ላይ ተለወጠና ፊቷን በሻርፑ ጫፍ ሸፈነች፤ እትዬም ቆማ አየቻት። ልታቅፋት ትፈልጋለች፤ ያንን ገላ አቅፋ አሳድጋ፣ አሁን እንዴት እንደሚታቀፍ ጠፋት።

ከላይ ፎቶ አንሺው "የሙሽሪት ቤተሰብ! የሙሽሪት ቤተሰብ በሙሉ!" ብሎ ተጣራ። ሚጢ ፊቷን ጠርጋ ወደ ደረጃው ሄደች። አስራ ሁለት ደረጃ ነው። ብረቱን ይዛ አንዱን ወጣች፣ ቆመች፤ ሌላውን ወጣች፣ ቆመች። ትንፋሿ ከሩቅ ይሰማል። እትዬ በአንድ ትንፋሽ ልትወጣው ትችላለች። ከኋላዋ ሆና አንድ ስትወጣ አንድ ወጣች፣ ስትቆም ቆመች።

አራተኛው ላይ ሚጢ ሳትዞር "እለፊ" አለች።

"ግድ የለም፣ አብረን እንወጣለን።"

"እለፊ እትዬ። እንዲህ ከኋላዬ ስትጠብቂኝ ነው የሚከብደኝ።"

ብረቱን አጥብቃ ይዛ ወደ ግድግዳው ተጠጋችላት። እትዬ ያንን ቦታ አየችው፤ አንድ ቀጭን ሰው በጎን ሊያልፍበት የሚበቃ ነው። አለፈቻት። ቀሚሷ የሚጢን ቀሚስ ነካ አድርጎ አለፈ። ቀሪዎቹን ደረጃዎች ወጥታ ቤተሰቡ ከተሰለፈበት ጫፍ ቆመች፤ ወደ ኋላ አልዞረችም። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዓይኑ ላይ አድርጎ "ሁሉም ሰው አለ?" ሲል እጇን አነሳች።

"ትንሽ ጠብቅ" አለችው። "እህቴ እየመጣች ነው።"